ቢጫ ሻርፕ በጥቁር ቀሚስ ላይ

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ሶዶ

ጥቁሩን ቀሚስ እናቴ ስትሞት ራሴ ሰፋሁት። ልኩን ከእሷ ቀሚስ ስለ ወሰድኩ ትከሻው ይወርድብኛል። ዛሬ ያንን ለመሸፈን እሷ በኪሮሽ የሠራችልኝን ቢጫ ሻርፕ ደረብኩበት።

አክስቴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያዘችኝ።

«ዓመት ሳይሞላ ቢጫ? ሰርግ አለብሽ እንዴ?»

«እማዬ የሠራችው ነው።»

«ክሩን ከቤሌ ገበያ ያመጣሁላት እኔ አይደለሁ? በይ አምጪው።»

አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዓመቷ ሲወጣ ትወስጂዋለሽ።»

መዝሙሩ እስኪያልቅ የቀሚሱን ትከሻ ወደ ላይ ስጎትት ቆየሁ። ቤት ገብቼ ላጠብበው መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ። ከጠበበ ግን የእናቴ ልክ የትም አይገኝም፤ የእሷን ቀሚሶች ለሰው ሰጥተናል። መርፌውን ትከሻው ላይ እንደ ሰካሁት ተውኩት።