ይድረስ ሆዴን በስልክ ለሚለኩት

ለክቡር የእናቶች ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ የወረርሽኝ ወራት የቢሮዎ በር ተዘግቶ፣ ትንፋሽዎ ከማንም ትንፋሽ ጋር ሳይገናኝ በሰላም መክረምዎን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። እኔ ስምንተኛ ወሬን የያዝኩ ነፍሰ ጡር፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ፣ መርከበኛ ባለቤቴ ወደቦች ተዘግተውበት ባሕር ላይ የቀረብኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ከደረጃው በስተግራ የምኖር ሴት ነኝ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ምናልባት መኖሬን ዘንግተውት እንደሆነ ብዬ ነው።

ከላይ "ባሉበት" ብዬ የጻፍኩት የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ብቻ አይደለም። ክሊኒክዎ የዛሬ አምስት ወር በሩን ዘግቶብን የጀመረው የስልክ ክትትል ስሙ "ባሉበት" መባሉ እጅግ ስለማረከኝ ጭምር ነው። እርስዎ ባሉበት አሉ፤ እኔም ባለሁበት አለሁ። እንግዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. በየሰኞው ጠዋት ለሚልኩልኝ የስልክ መልእክት አመሰግናለሁ። "ውድ ነፍሰ ጡር፣ እንዴት አደርክ? ውኃ በብዛት ጠጣ፣ በግራ ጎንህ ተኛ፣ አይዞህ" ይላል። መጀመሪያ የደረሰኝ ቀን ለባለቤቴ የተላከ መስሎኝ ብቻዬን እስካነባ ሳቅኩ። ኋላ ግን ለመድኩት። ማንም ሰው "አይዞሽ" ሳይለኝ የሚያልፈው ሳምንት ስለበዛ፣ "አይዞህ"ንም ቢሆን ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ አነበዋለሁ። እባክዎ እንዳያስተካክሉት።

፪ኛ. ሆዴን ራሴ እንድለካ ስለተጣለብኝ አደራ አመሰግናለሁ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ወትፌ፣ ከታች ካለው አጥንት እስከ ማህፀኔ አናት ሜትሬን ዘረጋሁ። አናቱ የት እንደሆነ በጣቴ እየፈለግኩ መጀመሪያ ሠላሳ አንድ፣ ቀጥሎ ሃያ ስምንት አገኘሁ። የቱ ይጻፍ ስባል መካከሉን ጻፉ አልኩ፤ ተጻፈም።

ክቡር ሆይ፣ በስልክ መለካትን እኔም እንደ እርስዎ ሞክሬዋለሁ። አንዲት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ደንበኛዬ ልኬቷን በስልክ ነግራኝ ቀሚስ ሰፋሁላት። ብብቱ አላስገባ አላት፤ ወገቡም አላስተነፍስ አለ። ለካስ ሴትዮዋ ስትለካ ቀጠን ብላ ለመገኘት ትንፋሿን ይዛ ኖሯል። እኔ ቆሜ ብለካት ኖሮ ተንፍሺ እላት ነበር። ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ቀሚሱን ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። እርስዎ የተሳሳተ ልኬት ሲያጋጥምዎ ምን እንደሚተረትሩ ለማወቅ እጓጓለሁ።

፫ኛ. ይህን ተራ ቁጥር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

በየሳምንቱ የምትደውልልኝ አዋላጅ ነርስ ጨዋ ልጅ ናት፤ በቀን አርባ ሴት ስታነጋግር ስለምትውል ድምፅዋ ሻክሯል። እሷን አልወቅስም። ባለፈው ሐሙስ ራሴን እንደሚያመኝ፣ በዐይኔም ፊት ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር እንደማይ ነገርኳት። ከወረቀቷ ላይ እያነበበች፣ "ፊትሽ አብጧል?" አለችኝ። መስታወት ፊት ቆምኩ። የዛሬውን ፊቴን ከትናንቱ የሚያስተያየው ያው የራሴ ዐይን ነው፤ አላውቅም አልኳት። ወረቀቷ ላይ "አዎ" እና "የለም" እንጂ "አላውቅም" የሚባል ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዳችኝና፣ "እንግዲያው አጠገብሽ ያለ ሰው አይቶ ይንገርሽ" አለች።

አጠገቤ ያለ ሰው! እናቴ መንገዱ በተዘጋ ከተማ ናት። ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ስታገኘኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምታልፈው። ማንም የለኝም ማለት አሳፈረኝ። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ "ቆይ እህቴን ልጥራት" ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ወጥ ቤት ገብቼ፣ ሰው መጥቶ አይቶኝ የሚመለስበትን ያህል ቆምኩ። ተመልሼም "አላበጠም ትላለች" አልኳት። ነርሷ እፎይ አለች፤ እኔም እፎይ ማለቷን ስሰማ ለአፍታ እህት ያለኝ መሰለኝ።

በመዝገብዎ ላይ ከስሜ ትይዩ ያለው "የለም" የዚያች ሴት ምስክርነት ነውና ይሰረዝልኝ። ያቺ ሴት የለችም። ራስ ምታቴ ግን አለ፤ ብልጭታውም ከሐሙስ ወዲህ ብሶበታል። ፈርቻለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ሳምንት፣ ልጄም እኔም ሳንጎዳ፣ ዐይን ያለው አንድ ሰው ቆሞ ይየኝ፤ የደም ግፊቴንም ይለካልኝ። ጭምብል በጭምብል ላይ ደርቤ፣ ካስፈለገም አፌን ሰፍቼ እመጣለሁ፤ ሙያዬ ነው።

የበሩ ጥንካሬና የእርስዎ ደኅንነት አንዱ በአንዱ ተደግፎ ለብዙ ዘመን እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮትና በአምስት ወር ትዕግሥት እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለክሊኒኩ የውጭ በር፣ መንገደኛ ሁሉ እንዲያነበው
ባሕር ላይ ላለው ባለቤቴ (ተራ ቁጥር ፫ ሳይጨመር)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ልለጥፍ ስል ዘበኛዎ ሊከለክለኝ እጁን ዘርግቶ መጣ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆሞ አየኝና እጁን አወረደ። "እህቴ፣ ፊትሽ እኮ አብጧል! ነይ እዚህ ተቀመጪ፣ ሰው ልጥራልሽ" አለኝ። ይህን የምጽፈው በእርሱ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ከሠራተኞችዎ ሁሉ በአምስት ወር ውስጥ ያየኝ እርሱ ብቻ ነውና፣ ከጥበቃ ወደ እርግዝና ክትትል ክፍል ቢያዛውሩት ለብዙ እናቶች ይተርፋል። ሰው ሊጠራልኝ ወደ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ እስካሁን ግን ማንም አልወጣም።