የሠራተኛዋ መልስ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ውሃ ጠፍቶ ፊቴን ሳልታጠብ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። ከሰዓት የእንግሊዝኛ ድራማ ክበብ ነበረን። ቲቸር መልከጼዴቅ ለምንሠራው ድራማ ቦታ ቦታችንን ሰጠን። እመቤቲቱ ሉሊት ሆነች። ማናችንንም ሳያስነብብ! ፊልም ላይ እንደሚያወሩት ስለምታወራ ነው መሰለኝ... እኔ ሠራተኛ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምለው «የስ፣ ማዳም» ብቻ።

«ቲቸር፣ ሌላ የምናገረው የለም?»

«ትንቢት፣ የቡሌ ገጠር አነጋገርሽ ገና አልለቀቀሽም። ለጊዜው ይበቃሻል።»

ልጆቹ ሳቁ። ይበቃሻል? መናገር እንድንለማመድበት አይደል እንዴ ክበቡ የተቋቋመው? ወይስ የሚችሉት ሊያወሩ፣ የማንችለው ትሪ ልንሸከም?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ድርሰቱን ጨርሼ አነበብኩት። የባሰ አለ። የእመቤቲቱ ሀብል ይጠፋል። «ሌባ! ውጪ ከቤቴ!» ትላታለች። ሠራተኛዋ «የስ፣ ማዳም» ብላ ትወጣለች። ከዚያ ሀብሉ ትራስ ሥር ይገኛል... ሁሉም ይስቃሉ፣ መጋረጃው ይዘጋል። የተባረረችውስ ልጅ? ማንም አያነሳት። የጻፈው ራሱ ቲቸር ነው። ኮሜዲ ነው አለን! ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አባዬ ለገበያ ከቡሌ ወደ ዲላ ወርዶ ቆጮ አመጣልኝ። ስለ ድራማው ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። እስክጨርስ አዳመጠኝና...

«ሠራተኛዋ ምን አለች?»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

«እሱ መልስ አይደለም። ማን ጠየቃት? ማን ቁጭ ብሎ ሰማት?»

አባዬ ሶንጎ ላይ፣ በእኛ በጌዴኦዎች ሸንጎ፣ ከሚዳኙት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። እዚያ ከብት ሰረቀ የተባለ ሰው እንኳ ቃሉን እስኪጨርስ ቁጭ ተብሎ ይሰማል። «መምህርሽ አገሩ የት ነው?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እዚሁ ጌዴኦ፣ ዲላ ተወልዶ ያደገ ነው እኮ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ለቲቸር ነገርኩት። ሠራተኛዋ አንድ መልስ ትስጥ አልኩ። «ስክሪፕት ስክሪፕት ነው» ብሎ ዘጋኝ። ሉሊትም ተናደደች፤ «በናትሽ ግራ አታጋቢኝ፣ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።» በቃሏ! አንድ ቃል ስትዘል ከመጀመሪያው ነው የምትጀምረው። እንግሊዝኛ መቻል ይሄ ነው?

ዓርብ፣ የካቲት 21

አደረግኩት።

ለድራማው አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሉሊት ጣቷን ቀስራ «ዩ ቲፍ! ጌት አውት!» አለች። ትሪውን መሬት አስቀመጥኩት። «ኖ፣ ማዳም። አይ ዲድ ኖት ቴክ ኢት። አስክ ሚ።»

ሉሊት አፏን ከፍታ ቀረች። ቲቸር ከመጋረጃው ጀርባ «የስ ማዳም በይ!» እያለ ያንሾካሹካል። አላልኩም። ሉሊት ግን አሳዘነችኝ... «ማዳም፣ ዌር ዲድ ዩ ስሊፕ? ሉክ ዜር» አልኳት። የፊልሙ አነጋገር ድራሹ ጠፋ። «አይ... አይ ኖት ሉክ! ዩ ሉክ!» አለች። ተሳስታ፣ ግን በራሷ ቃል። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን? እሷም ትሳሳታለች፣ እኔም እሳሳታለሁ፣ ተመልካቹ «መልሺላት!» ይላል። በመጨረሻ ትራሱን ራሷ አነሳችው። ሀብሉን አየች። እኔን አየችኝ። «ሶሪ» አለች። ስክሪፕቱ ላይ የለም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ቲቸር ክፍሉ ፊት አቆመኝ። ክበቡን አዋርደሻል፣ ከዛሬ ጀምሮ ተባረሻል አለ። «አይ አም ሶሪ፣ ሰር በይና ውጪ።»

እንደ ድራማው! ምንም ሳይጠይቀኝ! አልቅሼ ልወጣ ነበር... ሉሊት ከኋላ ብድግ አለች።

«ሰር፣ ዩ ኖት አስክ ሃር።»

ማንም አልሳቀባትም። እኔም ያኔ አፌ ተከፈተ።

«ሰር፣ ፕሊስ ሲት ዳውን። አይ ዊል ቴል ዩ።» በዚሁ በቡሌ አነጋገሬ።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።