የባለ ሁለት ወንበሯ መኪና ወራሽ

ዛሬ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ጉልበቴ እንጂ አእምሮዬ ያልታመመ እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊዋ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። የሚጽፈው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር ነው፤ አንዲት ቃል ቢያሳምር አውቅበታለሁ። መካኒኩና ባለ ፋርማሲዋ ጎረቤቴ ይሰማሉ። ሁለቱ ልጆቼም አሉ።

አንደኛ፤ ስፌት ቤቱ ከነዕቃው ለሴት ልጄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ የሰፋች እሷ ናት። ወንድሟ በዓመት ሁለቴ ብቅ ይልና “ቦታው ቢሸጥ ስንት ያወጣል?” ይላል። አይሸጥም።

ሁለተኛ፤ ለሟች ባለቤቴ እህት፣ ከሃያ ዓመት በፊት በውሰት የወሰደችውን መስታወት ትቼላታለሁ። ትመልሰዋለች ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ሦስተኛ፤ ቀይዋ መኪና። በወጣትነቴ አንድ ሀብታም ዝቅ ያለች ባለ ሁለት ወንበር የውድድር መኪና ወንበሯን እንዳድስለት አመጣ። ጨርሼ ስፌቱን ልፈትን ቁጭ ብል “ውረጂ፣ በክር አቆሸሽሻት” አለኝ። ያን ቀን ማልኩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የእሷን ቢጤ፣ ያረጀች፣ ገዛሁ። ባለቤቴ ሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ ከመኪናዋ ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም እሱ ነበር።

እውነቱን ልናገር። መግባቱ ቀላል ነው፤ ለመውጣት ግን ሁለት ሰው ጎትቶ ያወጣኝ ነበር። በራችን ላይ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሆዷን ፋቀው። ዝናብ ታስገባለች። መንገድ ላይ የሚያየኝ ሁሉ “የማን ሹፌር ናት?” ይል ነበር። በስድስተኛው ወር ሞተሯ ነከሰና አልዞር አለ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት በስፌት ቤቱ ጥግ ቆማለች፤ ልጄ ቆዳ ትደራርብባታለች።

ስለዚህ ወንድ ልጄ ይምረጥ፤ ወይ የማከራየውን የጓሮ ክፍል፣ ወይ መኪናዋን። የተረፈው ለእህቱ ነው። ሳልፈርም ይናገር።

“እማዬ፣ ያለ ሞተር ምን አደርጋታለሁ?” አለ።

“እኔ ያደረግኩትን። ቁጭ ብለህ መሪ ትይዛለህ።”

“ክፍሉን ውሰድ፣ አትጃጃል” አለችው እህቱ።

መካኒኩም እንጀራው ቢሆንም “እኔን ከጠየቅከኝ ክፍሉን” አለ።

ልጄ ወደ ስፌት ቤቱ ሄደ። ከግድግዳው ማዶ የመኪናዋ በር ሲዘጋ ተሰማን። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ወገቡን ይዞ ነበር።

“መኪናዋን” አለ።

መምህር፣ እንዲሁ ጻፈው። ክፍሉ ለእህቱ፣ መኪናዋ ለእሱ። በአንድ ወር ውስጥ ያውጣት፤ የሚያስጎትትበትን ገንዘብ ከሣጥኔ ይውሰድ። አርባ ዓመት ሙሉ “ይህ ልጅ በአባቱ ነው የወጣው” ስል ኖሬያለሁ። ያንን ቃሌን በምስክሮች ፊት ሽሬዋለሁ።

አንብቤ በእጄ ፈርሜያለሁ፤ ሰፊዋ።

ሲነገር ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን ፈርመናል፤ ጸሐፊው መምህር፣ መካኒኩ፣ ባለ ፋርማሲዋ።