አሸንፈናል፣ እማዬ

እንደምን አለሽልኝ እማዬ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳሽ ሳል ተወሽ ወይስ «ደህና ነኝ» እያልሽ እያታለልሽኝ ነው? አንቺ ደህና ነኝ ስትይ ሐኪም መጥራት እንደሚሻል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ምንም አልሆንኩም፤ ድምፄ ብቻ ከጩኸት ብዛት ተዘግቶ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ታናሼ፣ ደብዳቤውን የምታነቢላት አንቺ ነሽና አደራ፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላት። ባለፈው ከስቻለሁ ያልኩትን እንዳስቀረሽባት ሰምቻለሁ።

ዋናው አሰልጣኝ በዓመቱ አጋማሽ ሲሰናበት የሴቶቹን ቅርጫት ኳስ ቡድን ለእኔ እንደሰጡኝ ታውቂያለሽ። «ለጊዜው» ነው ያሉት። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት የክለቡ ፕሬዚዳንት ጠርቶኝ፣ ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ እንደምንወርድ፣ እኔም ሻንጣዬን ማዘጋጀት እንዳለብኝ ነገረኝ። ይህን በስልክ ስነግርሽ «እንግዲህ የቱን ልጸልይ? እንድታሸንፊ ወይስ እንድትመጪልኝ?» አልሽኝ። ሳቅኩብሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሆዴ ባባ።

«አትሮጪ፣ አትጫወቺ፣ ፊሽካ አትነፊ፣ ታዲያ ደሞዙ በምን ሒሳብ ነው?» እያልሽ ትጠይቂኝ የለ? እንኪ ሥራዬን ስሚው። ነገር ሲጠብቅ ጨዋታውን ለአፍታ አስቆማለሁ። ልጆቹ ወንበር ላይ ይደረደራሉ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ማን በየት እንደምትሄድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ እሥልላቸዋለሁ። ፊት ለፊት ስለሆንን የእነሱ ቀኝ ለእኔ ግራ ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ገልብጬ ነው የምሥለው። ዓይኔን ብጨፍን አልስተውም እያልኩ እፎክር ነበር።

በአንድ ነጥብ እየተመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አስቆምኩ። ተጣድፌ ሣልኩ። ቀጭኔ የምንላት አምበላችን ሰሌዳውን አየችና «አሰልጣኝ፣ በዚህ ነው እንዴ?» አለች። «ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ሂጂ!» ብዬ ጮህኩባት። ሜዳ ገብተው ሲቆሙ ነው የገባኝ፤ መገልበጡን ረስቼ፣ ሁልጊዜ በቀኝ የምትጫወተውን ቀጭኔን ወደ ግራ ልኬያታለሁ። ልጥራት ብል አዳራሹ በጩኸት ተናውጧል፣ የእኔ ድምፅ ደግሞ የለም። አለቀልኝ ብዬ ፊቴን በሰሌዳው ሸፈንኩ። ተጋጣሚዎቻችን ግን ቀጭኔን በቪዲዮ አጥንተዋት ኖሮ፣ ቀኝ በኩል ተጠቅጥቀው ይጠብቋታል። እሷ በግራ ብቻዋን ሄዳ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠቻት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው።

ጋዜጠኛው «እንዴት ያለ ብልሃት ነው!» ሲለኝ ተሳስቼ ነው አልኩት። ትሑት ናት ብሎ ጻፈ። እውነቱ የገባት ቀጭኔ ብቻ ናት፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ስንገባ እጄን ይዛ «ቀኝ ይኼኛው ነው፣ አሰልጣኝ» ብላ አሾፈችብኝ።

ልጆቹ ተሸክመው ወደ ላይ ሲወረውሩኝ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ የደስታ መሰለው። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን አንቺን አስቤ ነው፤ አሁን ለእማዬ ምን ልበላት እያልኩ። በማግስቱ ለሁለት ዓመት ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ወድጄ ነው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ እማዬ፣ አንቺን ስላልወደድኩ አይደለም።

ፕሬዚዳንቱ ሌላ የምትጠይቂው አለ ወይ ሲለኝ ምድር ላይ ያለ ቤት ጠየቅኩ። ያለሁበት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ በዚያ ጉልበትሽ መቼም አትወጪውም። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ስፖርተኛ ሆነሽ ደረጃ ትፈሪያለሽ?» አለኝ። ሰጡኝ ግን። ሁለት መኝታ ክፍል አለው፤ ፀሐይ የሚገባበትን አልነካሁትም።

ለታላቅ ወንድሜ ሰላም በይልኝ፤ ሚስቱንና ግርግረኞቹን መንትዮች ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ የላከልኝ ሱሪ ልክክ እንዳለ ይወቅልኝ። ታናሼ፣ አንቺን ደግሞ ዓይንሽን ስሜሻለሁ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። እማዬ፣ እምቢ የምትዪ ከሆነ በሰው አትላኪብኝ፤ ራስሽ ደውለሽ በገዛ ድምፅሽ እምቢ በዪኝ። እሺ ካልሽ ግን ምንም አታጽፊ፤ የምትመጪበትን ቀን ብቻ ላኪልኝ።

ልጅሽ
ከአዳራሹ ኋላ ካለችው ቢሮዬ፣ ሰኔ 3 ቀን