ለደርበው መርፌ፣ ለእኔ እግር ማንሳት

ለክቡር አቶ እንየው፣ የወረዳችን ክሊኒክ ድሬሰር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነኝ። ለእርስዎም እስከ ሽምግልናዎ ጉልበት እንዳይከዳዎት፣ ከከዳዎትም እንደ እርስዎ ያለ አዋቂ እንዳይገጥምዎት ከልብ እመኛለሁ። ይህን ወረቀት በክሊኒኩ በር ላይ ያስለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በዝምታዬ ምክንያት ምስጋናውን ሁሉ ጎረቤቴ ደርበው እንዳይወስደው ሰግቼ ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው መስከረም እኔና አቶ ደርበው በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት የጉልበት ቁርጥማት፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ፣ ሁለታችንም በልባችን የያዝነው አንድ ነገር ነበር፤ ለጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ሰው ሳይደግፈን ኮርቻ ላይ መውጣት። ተደግፎ ፈረስ ላይ የሚወጣ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ከፊት ረድፍ እንደማይሰለፍ የአገሩን ልማድ ያውቃሉ። እሱ ቀድሞኝ ገባና መርፌ ተወጋ፤ መቀመጫውን እያሻሸ ሲወጣ የታመመ ሰው ሳይሆን የተሾመ ሰው ይመስል ነበር። እኔ ስገባ ግን ጉልበቴን ሁለት ጊዜ አጥፈው ዘርግተው፣ ለእርስዎ መርፌ አያስፈልግም፣ እግርዎን ዘርግተው ያንሱ፣ እስከ አስር ቆጥረው ያውርዱ፣ ሆድዎንም ትንሽ ይቀንሱ ብለው አሰናበቱኝ። ዓይኔ ደም ለበሰ ብል አልዋሸሁም። ደርበው ልጅ፣ እኔ የእንጀራ ልጅ የሆንኩበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ሁለተኛ፤ ባዶ እጄን ቤት ስገባ ባለቤቴ የሻረግ መድኃኒቱ የታለ ብላ ጠየቀችኝ። ብልቃጥ የለ፣ ክኒን የለ፣ የተወጋ ቦታ የለ፤ እግር ማንሳት ታዘዘልኝ ለማለት በአማርኛም በአገውኛም ቃል ፈልጌ አጣሁ። ወጌሻ እንኳ ቢሆን ቅቤ ይቀባኝ ነበር። ቢሆንም ትእዛዝዎን ፈጸምኩ፤ ለመዳን እንዳይመስልዎት፣ ከንቱ መሆኑን አረጋግጬ መርፌዬን ለመጠየቅ እንጂ። ሰው እንዳያየኝ ከጎተራው ጀርባ አጎዛ አንጥፌ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሦስት ወር ከምናምን አነሳሁ።

ሦስተኛውና የከፋው በደል ትእዛዝዎ መሥራቱ ነው። በጥር ጊዮርጊስ ዕለት ዳማ ፈረሴን ጭኜ፣ እርካቡን ረግጬ፣ ማንም ሳይነካኝ ወጣሁ። የደርበው መርፌ ከገና በፊት አልቆበት ኖሮ ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው አወጡት። ደስታዬን አልደብቅም። ሕዝቡ ግን ስለ እኔ ምን አለ መሰለዎት? ምህረቴ በድብቅ ዳንግላ ወርዶ ሁለት መርፌ ተወግቷል አለ! ሁለት መርፌ የተወጋ ሰው መባሉ ደስ ስላለኝ እኔም አልካድኩም።

አራተኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ በደርበው አጥር ሥር ሳልፍ አጎዛ ላይ ተጋድሞ እግሩን ሲያነሳ አየሁት። የእኔን መድኃኒት! መርፌውን ጠግቦ ሲያበቃ፣ እኔ ተደብቄ ላቤን ያፈሰስኩበትን ለእሱም ደረቡለት። ሚስቱ እናትነሽ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትቆጥርለታለች፤ ለእኔ ማንም አልቆጠረልኝም። ስለዚህ መርፌ የሚባል እንዳልነካኝ፣ እግር ማንሳትንም በዚህ ሰፈር የጀመርኩት እኔ መሆኔን በዚህ ወረቀት እመሰክራለሁ። ክብርዎም ወይ ትእዛዙን ከደርበው ይሰርዙልኝ፣ ወይ የቀረብኝን አንድ መርፌ ይስጡኝ፤ ጉልበቴ ባያስፈልገውም እኔ እፈልገዋለሁ።

ለአንዱ መርፌ፣ ለአንዱ ምክር በማደል ጎረቤትን ከጎረቤት ስላፋቀሩ እጅግ እያመሰገንኩ፣ በራሴ ጉልበት ዝቅ ብዬ፣ በራሴ ጉልበት እስክነሳ ድረስ እጅ እነሳለሁ።

ምህረቴ ውዱ
እንጅባራ፣ የካቲት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ደርበው አስር ሳይሞላ፣ ቆጠራው ሰባት ላይ ሲደርስ እግሩን እንደሚያወርድ በአጥሩ ቀዳዳ አረጋግጫለሁ። እሱ ፊደል ስላልቆጠረ፣ ይህን ወረቀት የሚያነብለት ደግ ሰው ከፊርማዬ በታች ያለውን እንዲተወው በትሕትና እለምናለሁ፤ የከርሞው ጥር ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም።