ለወንድማቸው ሳይነግሩ የኖሩት፦ የአቶ ታይስቶ ኬምፓይነን ሕይወት

አቶ ታይስቶ ኬምፓይነን ከአባታቸው ከአቶ ቶይቮ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሂልያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1949 በኩህሞ ገጠር፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ከጨረሱ በኋላ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እንጨት ቆረጣ ጀመሩ። ከ1971 ጀምሮ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት የግንድ ጭነት መኪና ነድተዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ግንድ እንኳ መንገድ ላይ ወድቆባቸው አያውቅም፤ ይህንንም ላልጠየቃቸው ሰው ሁሉ ይናገሩ ነበር። በ1975 ከወ/ሮ ላይላ ጋር ተጋብተው ያርኖንና ሚርቫን ወልደዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው አቶ ታይስቶ ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኤስኮ በአባታቸው ጎተራ ውስጥ ስድስት ክረምት ሙሉ አንዲት አሮጌ መኪና ሲሠሩ ኖሩ። ሞላዎቿን አሳጥረው መሬት እስክትነካ ዝቅ አደረጓት፤ ሞተሩንም ብሎን በብሎን ራሳቸው ገጠሙ። ጥር 16 ቀን 1988፣ ቅዳሜ፣ ኤስኮ ታላቅ ወንድማቸውን መኪናዋን በተጎታች ጭነው ካያኒ ከተማ ወዳለው ቤታቸው እንዲያደርሱላቸው በስልክ ለመኑ። እንዲህ ዝቅ ያለች መኪና በክረምት ስትጫን ሆዷ እንዳይጋጭ ከተጎታቹ መወጣጫ ፊት በረዶ እንደ መንገድ ይጠቀጠቃል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ እስኪጠነክርም ይጠበቃል።

«ውሃውን አፍስሰህ ሁለት ሰዓት ጠብቅ፣ እሺ? ሆዷ መሬት ነው የሚልሰው» አሉ ኤስኮ።

«ዕድሜዬን ግንድ ስጭን የኖርኩትን ሰውዬ ልታስተምረኝ ነው? ይልቅ ሂድና ጋራዥህን ጥረግ!»

አቶ ታይስቶ ግን የጠበቁት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ቅዳሜ ስለነበረ ቶሎ ደርሰው ለመመለስ ቸኩለው ነበር፤ የቅዳሜው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያቸው፣ እንዳይቀዘቅዝባቸው። መኪናዋን ወደ ተጎታቹ ሲጎትቱ በረዶው ተናደና ሆዷ ከተጎታቹ የብረት ጠርዝ ጋር ተላተመ። ጎንበስ ብለው በባትሪ ሲያዩ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል፤ ዘይት ግን አልፈሰሰም። ካልፈሰሰ ምን ሆነ ብለው አሰሯትና መንገድ ጀመሩ።

ካያኒ ላይ ጎረቤት ሁሉ የመጀመሪያውን የሞተር ድምፅ ሊሰማ ተሰብስቦ ነበር። ኤስኮ ዘይቱን ለኩ፤ ሙሉ ነው። ሞተሩ ተነሣ። የዘይቱ ማስጠንቀቂያ መብራት ግን አልጠፋም። «ብርዱ ነው፤ ዘይቱ ወፍሮ ነው» አሉ ኤስኮ። የዘይት መያዣው ብረት ተሰርጉዶ ዘይቱን ወደ ሞተሩ የሚስበውን ቧንቧ አፍ እንደደፈነው አላወቁም። አቶ ታይስቶ የተጠበሰ ቋሊማ በእጃቸው ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል፤ «አጥፋው» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ከደቂቃ ተኩል በኋላ ሞተሩ ጮኾ ድርቅ ብሎ ቆመ።

ኤስኮ ሞተሩን አበላሽቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ ብለው ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ጣሉ። ሞተሩን እንኳ ሳይከፍቱ መኪናዋን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጡ፤ ከዚያ ወዲህ መፍቻ ያነሡበትን ቀን ያየ የለም። ሰፈሩ «ደቂቃው ኤስኮ» አላቸው፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። አባታችን አቶ ታይስቶ ያንን ሳቅ በሰሙ ቁጥር ያማቸው ነበር። በየገናው ሊናገሩ እየተዘጋጁ እስከ ኤስኮ ቤት ድረስ ይሄዱና ሳይናገሩ ይመለሱ ነበር።

በ2022 መኸር የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። አልጋ ላይ ሆነው ልጃቸውን ሚርቫን ጠሩ።

«ጻፊው፤ እኔን አፌ እምቢ አለኝ።»

«ራስህ ንገረው እንጂ አባዬ። ስልኩ እዚሁ ነው።»

«ትናንት ደወልኩለት። ስለ ዓሣ ስናወራ ቆየንና ዘጋሁት።»

ይህን የምታነብላችሁ ልጃቸው ያን ዕለት ስልኩን ራሷ ደውላ በእጃቸው ባለማስያዟ ትጸጸታለች። ጊዜ ያለ መስሏት ነበር።

አቶ ታይስቶ የካቲት 9 ቀን 2023 በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድማቸው አቶ ኤስኮም እዚህ ቀብራቸው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

እግዚአብሔር የዝምታቸውን በደል ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍ። አጎቴ ኤስኮ፣ ሞተሩን የገጠምከው ልክ ነበር።