«ለክፉ ቀን» የተባለው መደርደሪያ

ሰላም ቋጠሮ፣ እንዴት ነህ፣ መጋዘንህስ?

ሽያጩን፣ መጋዘኑንና ምርቱን በአንድ ሶፍትዌር ያስተሳሰረው የቁም ሳጥን ፋብሪካ ውስጥ ለጉብኝት ነኝ። ትናንት ሻጩ ስድስት ቁም ሳጥን ሸጦ ገና ስልኩን ሳይዘጋ፣ በመጋዘኑ ስክሪን ላይ «እጀታ የለም» የሚል ቀይ መስመር ብልጭ አለ። እኛ ጋ ቢሆን ማለቁን የምንሰማው አናጺው እየተነጫነጨ ሲመጣ ነበር።

መጋዘን ያዧ ግን ምንም አልመሰላት። ከደረጃው ሥር አንድ ካርቶን እጀታ ጎትታ አወጣች። አንተን ያየሁ መሰለኝና ሳቄ መጣ።

«ከኮምፒውተሩ ደብቀሽ ነው?» አልኳት።

«ድሮ ነበር» አለች። «ሁሉም ዕቃ ይመዝገብ ሲሉኝ ሦስት ወር ሙሉ እንቢ አልኩ። በኋላ፣ መደርደሪያውን ራስሽ ሰይሚው፣ ያለ አንቺ ፈቃድ ማንም አይነካውም አሉኝ። ያኔ ቆጥሬ አስገባሁት።»

ስክሪኑን አሳየችኝ። መደርደሪያ አንድ፣ መደርደሪያ ሁለት፣ ከዚያ «ለክፉ ቀን» ይላል፤ እሷ ካልፈቀደች ለሽያጭ አይቆጠርም።

ያው አለቃችን «ፕሮግራሙ እኛ ጋ ሲገባ ቋጠሮ ነው የሚያስቸግረን» እያለ አይደል? እኔ እንኳ ስለዚህ ጉዳይ የምነግረው ነገር አግኝቻለሁ።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ እናትህንም ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ከአሮጌው በር ጀርባ ስላለው ካርቶንህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ግን ይህ ካርድ ፖስታ የለውም፤ አንተ ጋ እስኪደርስ ጸሐፊዋም ዘበኛውም ማንበባቸው አይቀርም። እስክመጣ ስም ፈልግለት።